ለሁለት ሰው የሰፋው ካርታ፦ የ«ቲኬት ቱ ራይድ» ማስፋፊያ ከመግዛትዎ በፊት

ስለ ቲኬት ቱ ራይድ፣ ካርታ ላይ ከተሞችን በባቡር መስመር ስለምናገናኝበት የቦርድ ጌም፣ የደረሰን ጥያቄ፦ «ባለቤቴና እኔ ልጆቹን ካስተኛን በኋላ ቲኬት ቱ ራይድ እንጫወታለን። ያለን የመጀመሪያው፣ የአሜሪካው ካርታ ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ወደድነው። አሁን ግን ለሁለት ሰው ሰፍቶብናል። እሱ በምዕራብ፣ እኔ በምሥራቅ እንገነባለን፤ ሳንገናኝ ያልቃል። እሑድ ዘመድ ሲመጣ አራትም አምስትም እንሆናለን። የ9 ዓመቷ ልጃችንም አንዳንዴ ትገባለች። አንድ ማስፋፊያ ብቻ ለመግዛት አስበናል። ባለቤቴ የአፍሪካውን ወዶታል። የትኛውን ይመክሩናል?»

ስዊዘርላንድን ይግዙ። በትክክል ለመናገር፣ ሕንድና ስዊዘርላንድ በአንድ ሣጥን የታተሙበትን ማስፋፊያ ይግዙ። ሰሌዳው ሁለት ገጽ አለው። በአንዱ በኩል ሕንድ፣ ሲገለብጡት ስዊዘርላንድ። የአፍሪካውን ለጊዜው ያቆዩት። ለባለቤትዎ የሚሆን መልስም አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

እኔ የቦርድ ጌም መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጠረጴዛ ዘርግተን አዲስ ሰዎችን እናስተምራለን። ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት ቆጥሬ አላውቅም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ሰው ካርታ የሚመርጠው በሀገር ስም ነው። የሚኖርበትን፣ የተወለደበትን፣ አንድ ቀን አየዋለሁ የሚለውን። መመረጥ ያለበት ግን በወንበር ቁጥር ነው። አብዛኛውን ቀን ስንት ሰው ይቀመጥበታል? ይህ ሳይታሰብበት የተገዛ ካርታ ሁለቴ ይዘረጋና ከዚያ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃላት ትንሽ ልበል። በአማርኛ ካርታ ስንል ሀገር የተሣለበትንም፣ ኮንከር የምንጫወትበትንም ነው። እዚህ ካርታ የምለው ሀገሩን ነው። ከክምሩ የሚነሣውን፣ መስመር ለመያዝ የምንከፍለውን ባለ ቀለም ወረቀት ካርድ እለዋለሁ። ትኬት የምለው የምናገናኛቸው ቦታዎች የተጻፉበትን፣ ካገናኘናቸው ነጥብ የሚሰጠንን ነው። ትንንሾቹን የፕላስቲክ ባቡሮች ፉርጎ እላቸዋለሁ። ከምድር ባቡር ዘመን የወረስነው ጥሩ ቃል ስላለን ሌላ አልፈለግኩም።

አሁን የአሜሪካው ካርታ ለምን እንደሰፋባችሁ እንይ።

አላን ሙን የነደፈው ይህ ጨዋታ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። ሣጥኑ ላይ ከ2 እስከ 5 ሰው ይላል። እውነት ነው፣ በሁለትም በአምስትም ይሄዳል። ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ጨዋታ አይደሉም። እያንዳንዱ ተጫዋች 45 ፉርጎ ይዞ ይነሣል። አምስት ሰው ሲቀመጥ ጠረጴዛው ላይ 225 ፉርጎ አለ ማለት ነው። ሁለት ሰው ሲሆን 90። ሰሌዳው ግን ያው ነው። ከቫንኩቨር እስከ ማያሚ 36 ከተማ። ለአምስት ሰው የተሰፋ ልብስ ሁለት ሰው ሲለብሰው መንዘላዘሉ አይቀርም።

ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። ድርብ መስመር ባለበት፣ ማለትም ሁለት ከተማን ጎን ለጎን ሁለት መስመር በሚያገናኝበት ቦታ፣ ተጫዋቾቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ፣ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይዘጋል። ይህ ይረዳል። ግን አይበቃም።

ሰሌዳውን አሁን ይዘርጉና ማያሚን ይመልከቱ። ወደ ማያሚ የሚገባው በሦስት መስመር ብቻ ነው። ከቻርልስተን በ4 ፉርጎ፣ ከአትላንታ በ5፣ ከኒው ኦርሊንስ በ6። ሦስቱም ነጠላ ናቸው። አንዱ ከያዘው ሌላው አይገባበትም። አምስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ አንዱ «ሎስ አንጀለስ – ማያሚ» የሚለውን የ20 ነጥብ ትኬት ይዟል። ሌላው «ቦስተን – ማያሚ» የሚለውን የ12። ሦስተኛው ትኬት የለውም፣ ግን ለኒው ኦርሊንሱ የ6 ፉርጎ መስመር 15 ነጥብ ይመኛል። አንድ በር ሲያዝ ሁሉም ቀና ይላል። ሁለተኛው ሲያዝ የቀረው ሰው በእጁ ያለውን ቀይ ካርድ ደጋግሞ ይቆጥራል። አንድ ጎደለኝ፣ አሁን ላንሣ ወይስ ሌላ መንገድ ልፈልግ? ጨዋታው ያለው እዚያች ጭንቀት ውስጥ ነው።

ሁለት ሰው ሲሆን ያው ሦስት በር ለሁለት ሰው ነው። ናሽቪልን ቢያዩ ደግሞ ከአምስት አቅጣጫ ይገባል። ማን ማንን ይዘጋል? የሚዘጋ ስለሌለ መቸኮል አያስፈልግም። መቸኮል ካላስፈለገ ደግሞ ሁለታችሁም ካርድ ታጠራቅማላችሁ። ስድስት ስድስት ፉርጎ የሚፈልጉትን ረጃጅም መስመሮች ትጠብቃላችሁ። እርስዎ «ሳንገናኝ ያልቃል» ያሉት ይህንኑ ነው። የአጨዋወታችሁ ችግር አይደለም። በሩ ከሰው በዝቶ ነው።

እኔ አዲስ ካርታ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ቆጠራ ነው። ዳር ዳር ካሉት አምስት ከተሞችን እመርጣለሁ። ወደ እያንዳንዳቸው ስንት መስመር ይገባል? ከመስመሮቹ ስንቱ ድርብ ነው? ከዚያ ከተጫዋቾቹ ቁጥር ጋር አነጻጽረዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሰሌዳውን ፎቶ ስልክ ላይ ከፍቶ መቁጠር ይቻላል። የሽያጭ ማስታወቂያ የማይነግረውን ይነግራል።

የስዊዘርላንዱ ካርታ መጀመሪያ ብቻውን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በ2011 ከሕንድ ጋር በአንድ ሰሌዳ ታተመ። የተሠራው ለ2 ወይም ለ3 ሰው ነው። ለአራት አይሆንም። የምትይዙትም 45 ሳይሆን 40 ፉርጎ ነው። ሀገሩ ትንሽ ነው፤ መሀሉ ላይ ከተሞቹ ተጠጋግተዋል፤ መስመሮቹም በብዛት አጫጭር ናቸው። ሁለት ሰው ብቻ ሆናችሁ እንኳ ብዙ ሳትቆዩ ትከሻ ለትከሻ ትጋፋላችሁ።

ጥበቱ ብቻውን ግን ካርታውን ጥሩ አያደርገውም። ጠባብ ሆኖ መውጫ የሌለው ካርታ ያናድዳል። ይኼኛው መውጫ አለው። የምወደውም ለዚያ ነው።

ከካርዱ ልጀምር። በአሜሪካው ካርታ ሎኮሞቲቩ እንደ ኮንከር ጆከር ነው። የትም ይገባል። ከ110 ካርድ 14ቱ እሱ ናቸው። ተገልጦ ከተቀመጠው ላይ ሲያነሡት እንደ ሁለት ካርድ የሚቆጠርብዎትም ለዚህ ነው። ስዊዘርላንድ ላይ ሲደርሱ ሎኮሞቲቭ የሚሠራው ዋሻ ላይ ብቻ ነው። በምላሹ ዋጋው ረክሷል። ተገልጦ ሲያዩት ያነሡታል፣ ሁለተኛ ካርድም ይጨምራሉ። ሲነገር ትንሽ ለውጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁሉን ነገር ይቀይራል። ዋሻ ላልሆነው መስመር ትክክለኛውን ቀለም መሰብሰብ ግድ ነው። ቀለም ሲሰበስቡ ደግሞ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ያያል። ብርቱካናማ ሦስቴ ሲያነሡ ያየ ባል ሰሌዳው ላይ ብርቱካናማውን መስመር መፈለጉ አይቀርም። እርስዎም የእሱን ያያሉ ማለት ነው። ሁለት ሰው እርስ በርሱ እየተያየ መጫወት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ዋሻው አለ። ስዊዘርላንድ የተራራ ሀገር ነው። 15 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1882 ሲከፈት ነው ባቡር ከሰሜኑ ወደ ጣሊያን በር በዚያ በኩል በቀጥታ ማለፍ የቻለው። በ2016 ከሥሩ የተከፈተው አዲሱ ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ነው። ሰሌዳው ይህን አልረሳም። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዋሻ ይበዛል።

ዋሻ ሲይዙ እንዲህ ነው። ለመስመሩ የሚያስፈልገውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ ከክምሩ ሦስት ካርድ ይገለጣል። ያስቀመጡት ቀለም ከወጣ፣ ለወጣው ለእያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ ካርድ ይከፍላሉ። ሎኮሞቲቭ ቢወጣም እንደዚያው ይቆጠራል። መክፈል ካልቻሉ ካርድዎን ወደ እጅዎ ይመልሳሉ። ተራዎ ግን አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ባልና ሚስት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጡ። እንደ እናንተ የአሜሪካውን ለምደው የመጡ ናቸው። መሀል ላይ ሦስት ፉርጎ የሚፈልግ፣ በማንኛውም ቀለም የሚያዝ ዋሻ ነበር። ሁለቱም ፈልገውታል። ሚስትየዋ በእጇ ሦስት አረንጓዴ ነበራት። አንድ ተራ ጠብቃ ብትጨምር ይሻላት ነበር። ግን ባሏ ከአንድ ቀለም በላይ ሲያነሣ አላየችም። ጥቁር፣ ጥቁር፣ አሁንም ጥቁር። ይቀድመኛል ብላ ሦስቱን አረንጓዴ አስቀመጠች። የመጀመሪያው ካርድ ተገለጠ፣ አረንጓዴ። ሁለተኛው ቀይ። ሦስተኛው ሎኮሞቲቭ። ሁለት መጨመር አለባት፣ እጇ ላይ አንድም የለም። ካርዶቿን ሰበሰበች። ባልየው ወዲያው ሦስት ጥቁር አስቀመጠ፣ በእጁ ሁለት ጥቁር ቀርቶታል። ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወጣ። ምንም ሳይጨምር ያዘው። ሁለቱም ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ። እኔ በዚያች ደቂቃ ምንም ማስተማር አላስፈለገኝም።

ሴትዮዋ ግን አልተሸነፈችም። መውጫው አለ ያልኩት ይህን ነው።

የስዊዘርላንድ ትኬት ከአሜሪካው ይለያል። ከከተማ ወደ ከተማ የሚሉ አሉ፣ እነሱን ያውቋቸዋል። ሌሎቹ ግን ከከተማ ወደ ሀገር፣ ወይም ከሀገር ወደ ሀገር ናቸው። ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ጣሊያን በሰሌዳው ዳርና ዳር ናቸው። ወደ እያንዳንዳቸው የሚገባው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ነው። አንድ ትኬት ላይ ከተማው ተጽፎ ከጎኑ ሀገሮቹ ከነነጥባቸው ይዘረዘራሉ። ከደረሱባቸው ውስጥ ትልቁን ነጥብ ይወስዳሉ። አንዱም ጋ ካልደረሱ ደግሞ የሚቀነስብዎት ትንሹ ነው። ሴትዮዋ የጣሊያኑ መንገድ ሲከብዳት ወደ ኦስትሪያ ዞረች። ነጥቡ አነሰ፤ ትኬቱ ግን ተሞላ። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ። ሀገሮቹ መድረሻ እንጂ መተላለፊያ አይደሉም። በአንድ በር ጀርመን ገብተው በሌላ በር መውጣት አይቻልም።

ሌላም አለ። ትኬት አንሥተው ያልፈለጉትን ሲመልሱ ወደ ክምሩ ሥር አይገባም። ከጨዋታው ይወጣል። ስለዚህ ክምሩ እያነሰ ይሄዳል። «ሌላ ትኬት ላንሣ ወይ?» የሚለው ጥያቄም እየከበደ ይመጣል።

ለልጅዎ ከበድ ይላል ወይ? ብዙም አይደለም። ሣጥኑ ላይ ከ8 ዓመት ጀምሮ ይላል፣ እሷ 9 ናት። ዋሻውን ልጆች ይወዱታል፤ ካርድ መገለጥ ያስደስታቸዋል። የሚያደናግራቸው የሀገሩ ትኬት ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ሦስታችሁም ትኬታችሁን ገልጣችሁ ተጫወቱ። በሁለተኛው ጊዜ እሷ ራሷ «አታሳዩኝ» ትላለች።

ሰሌዳውን ገልብጠው ሕንድን ሲያወጡ ከ2 እስከ 4 ሰው ይቀመጣል። የሠራው ኢየን ቪንሰንት ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1911 ነው፣ ካርታውም ወደ ታች የሚሾጥጥ ነው። የዚህ ካርታ ውበት ቀለበት ነው። ሁለት ከተማ የሚያገናኝ ትኬት አለዎት እንበል። በአንድ መንገድ ካገናኙት የትኬቱን ነጥብ ያገኛሉ። የመጀመሪያውን መንገድ በማይነካ ሁለተኛ መንገድ ደግመው ካገናኙት ተጨማሪ ነጥብ አለ። እንዲህ በድርብ የተገናኙ ትኬቶች ሲበዙ ተጨማሪው እስከ 40 ይደርሳል። በአሜሪካው ካርታ ትኬት ከሞላ በኋላ የቀረውን ፉርጎ የትም እናስቀምጠዋለን። ሕንድ ላይ የጨዋታው መጨረሻ ከመጀመሪያው የበለጠ ያሳስባል። ቀለበቱን ልዝጋ ስትል አንዱ ይገባበታል። እሑድ አራት ስትሆኑ ይሄን አውጡ።

አምስት ስትሆኑስ? አምስት ስትሆኑ የሚበቃችሁ ካርታ እቤታችሁ አለ። ያው የአሜሪካው። አምስት ሰው ሲቀመጥበት የማያሚን በር እንደገና ታዩታላችሁ። ለዚህ ነው ገንዘባችሁን ለአምስት ሰው ካርታ እንዳታወጡ የምመክረው። የጎደላችሁ ለሁለት የሚሆነው ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። የአፍሪካው ካርታ፣ «ዘ ሀርት ኦፍ አፍሪካ»፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የሠራውም ራሱ አላን ሙን ነው። ሐበሻ ደንበኛ ወደ መደርደሪያው ሲመጣ እጁ መጀመሪያ እዚያ ላይ ያርፋል። እኔም ሳየው ደስ ይለኛል። ካርታውም መጥፎ አይደለም። ሰሌዳው ቁመቱ ነው የሚረዝመው፣ እንደ በር ቆሞ ነው የሚዘረጋው። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው መስመሮች በአንድ አካባቢ ተሰባስበዋል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የሚገነቡ ሁለት ሰዎች መስመሩን ብቻ ሳይሆን ካርዱንም ይሻማሉ። ከዚህ ሌላ የመልክዓ ምድር ካርድ አለ። በረሃና ሣር ምድር፣ ደን፣ ተራራ እያለ። በጊዜው ካዋሉት የመስመሩን ነጥብ እጥፍ ያደርገዋል።

ታዲያ ምኑ ነው ለእናንተ የማይሆነው? ቦታው ሰፊ ነው፣ እስከ 5 ሰው ነው። ሁለት ስትሆኑ ያ የካርድ ሽሚያ ይቀዘቅዛል። አንዳችሁ ሰሜኑን፣ አንዳችሁ ደቡቡን ትይዛላችሁ። ያማረራችሁ ነገር በአዲስ ሥዕል ተመልሶ ይመጣል። በላዩ የሚጨመረው የመልክዓ ምድር ካርድ ደግሞ ጨዋታውን ያስረዝማል። ልጅ አስተኝቶ ከድካም ጋር ለሚጫወት ሰው አይመችም። አራት አምስት ሆናችሁ፣ ሁሉም ጨዋታውን ሲያውቅ፣ ያኔ ይጣፍጣል። ሁለተኛ ግዢዎ እሱ ይሁን፤ ባለቤትዎንም እንዲህ ቢሏቸው ቅር አይላቸውም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልንካ፣ የእሑዱ ሰው ቋሚ ከሆነ ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ለብዙ ሰው ከሁሉም የምወደው የኔዘርላንዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። እዚያ መስመሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ድርብ ናቸው። ግን ድልድይ አለ፣ ድልድይ ደግሞ ክፍያ አለው። መጀመሪያ የያዘው ለባንክ ይከፍላል። ሁለተኛ የሚይዘው የሚከፍለው ለመጀመሪያው ሰው ነው። ይህን አስቡት። አንድ ሰው ሌላው የሚፈልገውን መስመር ቀድሞ ሲይዝ መዝጋቱ አይደለም፣ ኪስ መክፈቱ ነው። በመጨረሻ ብዙ ሳንቲም ያስቀረው ሰው 55 ነጥብ ይጨመርለታል። ሳንቲም ያለቀበት ይበደራል፤ እያንዳንዱ ብድር 5 ነጥብ ይቀንስበታል። ለገበያ ሰው፣ ሒሳብ ለሚወድ ሰው፣ ይህ ካርታ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። አምስት ሰው ሲቀመጥበት ጫጫታው ደስ ይላል።

እንግሊዝና ፔንሲልቬንያ በአንድ ሣጥን ያሉበት በ2015 የወጣው ነው። ፔንሲልቬንያ ላይ መስመር ሲይዙ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ያነሣሉ። በመጨረሻ በየኩባንያው ብዙ አክሲዮን ያለው ነጥብ ይሰበስባል። ሁለት ሰው እኩል ከሆነ ቀድሞ የገዛው ይበልጣል። እንግሊዙ ከበድ ይላል። ሲጀምሩ አንድና ሁለት ፉርጎ የሚፈልጉትን የእንግሊዝ መስመሮች ብቻ ነው መያዝ የሚፈቀደው። ስኮትላንድ ለመግባት፣ ረጅም መስመር ለመሥራት፣ ባሕር ለመሻገር ቴክኖሎጂ መግዛት አለብዎ። ከመቶ ጊዜ በላይ ለተጫወተ ሰው እንጂ ለእሑድ እንግዳ አላወጣውም።

ጃፓንና ጣሊያን በ2019 አብረው ወጡ። የጃፓኑ ለየት ያለ ሐሳብ አለው። የፈጣኑ ባቡር መስመር የሁሉም ነው። አንዱ ሲሠራው ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ትኬቱንም ይሞላበታል። መጨረሻ ላይ ግን ማን ምን ያህል እንዳዋጣ ይታያል፤ ብዙ ያዋጣ ይሸለማል። እንደ ዕድር ነው ብዬ ሳስረዳ ወዲያው የገባው ሰው ብዙ ነው።

የእስያው በ2011 የወጣ ሲሆን በአንዱ ገጽ በፍራንሷ ቫለንታይን የተሠራ ካርታ አለ። ተራራ ሲያቋርጡ ተጨማሪ ፉርጎ ይሠዋሉ፣ ለያንዳንዱ 2 ነጥብ ያገኛሉ። ሌላው ገጽ ሁለት ሁለት ሆኖ በቡድን ለሚጫወት 4 ወይም 6 ሰው ነው። ስድስት የምትሆኑበት ቀን ከበዛ ያስታውሱት።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ሣጥኑን ይዩ። ማስፋፊያ ብቻውን አይሠራም። ሰሌዳና ትኬት ነው የሚመጣው። ፉርጎውንና ካርዱን ከያዛችሁት ሣጥን ነው የምታወጡት፣ ስለዚህ የድሮውን እንዳትሰጡት። «ዩኤስኤ 1910» የሚለው ትንሽ ሣጥን ካርታ የለውም። 181 ካርድ ነው፤ ለአሜሪካው ካርታ አዳዲስ ትኬት ይጨምራል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አዲስ ሀገር እያሰበ የሚገዛው ሰው ያዝናል። «ኒው ዮርክ»፣ «ለንደን»፣ «አምስተርዳም» የሚሉት ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ትንንሽ ጨዋታዎች ናቸው። ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልቁም። ከእናንተ ሰሌዳ ጋር አይገናኙም። «ኖርዲክ ካንትሪስ» የሚለውን ካገኙ ግን ቆም ይበሉ። እሱም ለ2ና ለ3 ሰው ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ፉርጎውም ካርዱም አብሮት ነው። የስዊዘርላንዱ ከገበያ ጠፍቶ ይኼ ከተገኘ ሳያመነቱ ይውሰዱት። ሙርማንስክን ከሊክሳ የሚያገናኝ 9 ፉርጎ የሚፈጅ መስመር አለው፤ 27 ነጥብ ነው። ሰው እሱን ሲሠራ ማየት ያስደስታል።

ሣጥኑ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ በያዛችሁት ካርታ የምትሞክሩት ነገር ልስጥዎ። ከጨዋታው ሕግ ውጪ ነው፣ እኔ ራሴ ለሁለት ሰው የማደርገው ነው። ሁለታችሁ የማትጠቀሙበትን አንድ ቀለም፣ 45ቱንም ፉርጎ አውጡ። ያልመጣ እንግዳ በሉት። ጨዋታው ሳይጀመር ከትኬቱ ክምር ሦስት ገልጣችሁ ከተሞቹን በአጭሩ መንገድ በእሱ ፉርጎ አገናኟቸው። 45ቱ ካለቀ እዚያው አቁሙ። ድርብ መስመር ላይ ከሆነ አንዱን ብቻ ይያዝ፣ ሌላው ለእናንተ ክፍት ይሁን። የእሱን ሦስት ትኬት ከጨዋታው አውጡ። ከዚያ የራሳችሁን ትኬት አንሥታችሁ እንደ ወትሮው ጀምሩ። እንግዳው በየጨዋታው ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ካርታው ሁሌም አዲስ ነው። የማያሚ አንዱ በር ወይም ከናሽቪል ወደ አትላንታ ያለችው አንዷ ፉርጎ ተይዛ ካገኛችኋት፣ ባለቤትዎ ከምዕራብ ተነሥተው ወደ እርስዎ መምጣታቸው አይቀርም።